ሊላንድ ለክቶታል

ኬልነር ፎልስ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተከራክረው አልስማማ ሲሉ፣ አንደኛው «ሊላንድ ለክቶታል» ካለ ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል። የአጥር ወሰን ይሁን፣ አምና የተያዘ ዓሣ ርዝመት ይሁን፣ ሊላንድ በቦታው ኖረም አልኖረም፣ ከተማው ይቺን ቃል ለምዷታል። ሊላንድ ዎይታ ራሱ ግን በሰማት ቁጥር ሆዱን ይቆርጠዋል። እንዲህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል።

ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ሰላሳ አራት ዓመት ወረቀት ፋብሪካው ውስጥ ሠርቶ፣ ፋብሪካው ሲዘጋ እሱም አብሮ ተዘጋ። ሰው የሚያውቀው ግን በፋብሪካው አይደለም፣ በሰንሰለቱ ነው። የከተማው ቡድን «ግንድ ነጂዎች» በሜዳው ሲጫወት፣ ዳር ቆመው አስር ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ የምትረዝመውን ሰንሰለት ከሚይዙት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት፣ ያለ ደመወዝ፣ በዝናብም በበረዶም። የጨዋታው ስም በአሜሪካኖቹ አጠራር እግር ኳስ ይባል እንጂ እግር ኳሱን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። ዋናው ነገር ኳሱን አቅፎ፣ ሰው በሰው ላይ እየተከመረብህ ወደፊት መግፋት ነው። አራት ሙከራ ይሰጥሃል፤ በአራቱ አስር ያርድ ካልገፋህ ኳሱን አስረክበህ ትወጣለህ። ደረሰ አልደረሰም የሚያሰኝ ሲሆን ዳኛው ይጠራል፣ ሰንሰለቱ ሜዳ ይገባል፣ ሰባት ሺህ ሰው ዝም ይላል። ከደረሰ ዳኛው እጁን ወደፊት ይዘረጋል። ካጠረ ሁለት መዳፉን ፊት ለፊት አቅርቦ «ይህችን ታህል ቀርታለች» ብሎ ያሳያል። ኬልነር ፎልስ ውስጥ ይህን ምልክት የማያውቅ ሕፃን የለም።

ሰንሰለት ያዥ ደግሞ መደገፍ አይፈቀድለትም። ማጨብጨብ የለም፣ መጮህ የለም፣ ፊትን ማፍካት እንኳ ያስወቅሳል። እንግዲህ የቡድኑን ማልያ ለብሶ የተጠመቀ ነው የሚባልለት ሊላንድ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ከንፈሩን ነክሶ ነው የቆመው። ምን ያድርግ፣ ሜዳው አጠገብ መቆም ከፈለግህ ዋጋው ይኸው ነው።

የዘንድሮው ክርክር ቴረንስ ቢቨንስ ነው። ቢቨንስ ኳስ አቅፎ የሚሮጠው ኮከብ ነው፤ ከሚሲሲፒ መጥቶ ስምንት ዓመት ለግንድ ነጂዎች ሮጧል። አሁን ሰላሳ ሁለት ሞልቶት ውሉ አልቋል። ቡድኑን እንደ ሌላው አገር አንድ ሀብታም አይደለም የያዘው፤ የከተማው ሰው ነው። የአክሲዮን ወረቀቱን ሁሉም በፍሬም አድርጎ ሳሎኑ ሰቅሎታል። ትርፍ የምትባል ነገር አይታይባትም፣ ግን በየካቲት የመጨረሻ እሑድ የትምህርት ቤቱ ስፖርት አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበህ እጅህን ታወጣባታለህ። ዘንድሮ እጅ የሚወጣው ለቢቨንስ ተጨማሪ ሦስት ዓመት ይሰጠው ወይስ ይሰናበት በሚለው ላይ ነው።

ከስብሰባው በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ሊላንድ፣ ኦሪን ቴሽና ዳርላ ኪውን እንደ ልማዳቸው ሐይቁ ላይ ነበሩ። ሐይቁ ከገና ወዲህ መኪና የሚሸከም በረዶ ሆኗል። ኦሪን ከጣውላ የሠራት ጎጆ አለችው፤ እሷን በመኪናው ጎትቶ መሐል ሐይቅ ያቆማታል፣ ወለሉ ላይ ሦስት ቀዳዳ፣ ጥግ ላይ አንዲት የጋዝ ምድጃ። ሦስቱ በባልዲ ላይ ተቀምጠው ክራቸውን በየቀዳዳቸው ያወርዳሉ። ዓሣ የመጣ እንደሆነ መጣ፣ ካልመጣም ብራንዲ አለ።

ያን ቀን ዓሣም አልመጣ፣ ክርክሩም አልቀረ። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ዓይነት ክርክር፣ በአንድ ዓይነት ቃል። ኦሪን የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ነገር ከያዘ እንደ ዛገ ብሎን አይላቀቅም። ቢቨንስን የሚያሰናብት ሰው እናቱንም ያሰናብታል አለ። ይህንንም ታኅሣሥ ላይ ብሎታል። ዳርላ የተማሪዎች አውቶቡስ ትነዳለች። ቢቨንስ በክረምት ለከተማው በረዶ ጠራጊ መኪና ስለሚነዳ ገና ሳይነጋጋ ጀምሮ ነዳጅ ማደያው ላይ ይገናኛሉ። ከመኪናው ሲወርድ አይታዋለች። መጀመሪያ አንዱን እግር፣ ከዚያ በሩን በሁለት እጁ ይዞ ሌላውን። የእሷ እናት ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ከዚያ ፈጥና ትወርዳለች አለች። ኦሪንም ዓርብ ዓርብ መጠጥ ቤቱ የተጠበሰ ዓሣ ስንበላ አንቺም እንደዚያ ነው ከወንበር የምትነሺው ብሎ መለሰላት፣ እሷም እኔን ሦስት ዓመት አስፈርሙኝ ያለ የለም አለችው።

ከዚያ ኦሪን ወደማይቀርበት ነገሩ ሄደ፤ ወደዚያ የበረዶ ቀን። ምንም ቢባል፣ አንዲት ያርድ ስትፈልግ ቢቨንስ አለ። አራተኛ ሙከራ፣ የቀረችው አንድ ያርድ፣ ማንስ ነው ያመጣት?

«ደግሞ ወሬ አይደለም» አለ ኦሪን፣ በብራንዲው ክዳን ወደ ሊላንድ እየጠቆመ። «ይኸው የለካው ሰው።»

ሊላንድ ክሩን አየ። ክሩ አልተንቀሳቀሰም።

«እስቲ አንተ ተናገር» አለችው ዳርላ። «ከሁላችንም የምትቀርበው አንተ ነህ። እኛ ከላይ ሆነን ቁጥሩን ነው የምናየው። ሊላንድ፣ ሰውዬው አሁንም አቅም አለው?»

«ምድጃው ጋዝ እየጨረሰ ነው» አለ ሊላንድ።

ኦሪን ሳቀ። ነገ ግን አዳራሹ ውስጥ እንዲህ አታመልጥም፣ ተነስተህ ትናገራለህ፣ ሰውም አንተን ሰምቶ ነው እጁን የሚያወጣው አለው። እውነቱን ነው። ግማሹ ከተማ ይፈረምለት፣ ግማሹ ይብቃው ይላል፤ ሁለቱም ወገን ሊላንድ ከእኛ ጋር ነው ብሎ ያምናል። ሊላንድ ይህን ስለሚያውቅ ሳምንት ሙሉ እህል አልበላ ብሎታል።

እሱ የሚያውቀውን ከላይ የተቀመጠ ሰው አያውቀውም። ጥሩ ሯጭ ማለት ለሰንሰለት ያዥ ሥራ የማይሰጥ ሰው ነው። ቢቨንስ በደህና ዘመኑ ደረሰ አልደረሰም ከሚባልበት ቦታ አልፎ ነበር የሚወድቀው፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው ሰንሰለቱ ለእሱ ሜዳ የሚገባው። ዘንድሮ አስራ አንድ ጊዜ ገባ። ከአስራ አንዱ ዘጠኙ አጠረ። ሌላው ሰው ዳኛውን ይሳደባል፣ መንገድ የሚከፍቱለትን ተጫዋቾች ይሳደባል፣ ሊላንድ ግን ተንበርክኮ ኳሱንና የሰንሰለቱን ጫፍ የያዘውን ዘንግ በቅርብ ያያል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ክፍተቷ ትንሽ ሰፋ ትላለች። ይህን ለማንም አልተናገረም። ለሚስቱም አልተናገረም።

ያልተናገረው ይህን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር።

ያ ኦሪን የሚምልበት የበረዶ ቀን፣ ለዋንጫ ሊያልፉ አንድ ጨዋታ ሲቀራቸው ነው። በረዶው ከጠዋት ጀምሮ ጥሎ የሜዳው መስመር ጠፍቷል። ቢቨንስ እጁ ተሰብሮ፣ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ኳሱን በአንድ ክንዱ አቅፎ ክምሩ ውስጥ ገባ። ዳኛው ሰንሰለቱን ጠራ። የሊላንድ ሥራ መቆንጠጫዋ ናት፦ ሰንሰለቱ የሜዳውን አንድ ነጭ መስመር በሚያቋርጥበት ላይ ትቆነጠጣለች፣ ሜዳ ሲገባ እሷን በዚያው መስመር ላይ ያሳርፋል፣ ከእሷ ወደፊት ሰንሰለቱ ይወጠራል፣ ጫፉ ላይ ያለው ዘንግ ይፈርዳል። ሊላንድ በረዶውን በጫማው ጠረገ፣ ነጭ ነገር አየ፣ መቆንጠጫዋን አሳረፈ። የዚያን ቀን ነጭ ያልሆነ ነገር አልነበረም። ሰንሰለቱ ተወጠረ። የኳሱ አፍንጫ ከዘንጉ በአንዲት ጣት አልፎ ተገኘ። ዳኛው እጁን ወደፊት ዘረጋ፣ ሕዝቡ አበደ። ሊላንድ ያኔ ጫማውን ቢያነሳ፣ እውነተኛው መስመር ከመቆንጠጫዋ አንድ ስንዝር ተኩል ወደፊት ቁጭ ብሎ አየው።

ዳኛውን መጥራት ነበረበት። አጎንብሶ ቆየ፣ ከዚያ ጫማውን መስመሩ ላይ መልሶ አሳረፈ። ሃያ አምስት ዓመት አጨብጭቦ የማያውቅ ሰው፣ ያን ቀን በጫማው አጨበጨበ። ቀና ሲል ቢቨንስ እያለከለከ አጠገቡ ሲያልፍ ነበር። ቢቨንስ ጫማውንና ከሥሩ የወጣውን የመስመሩን ጫፍ አየ፣ ፊቱን አየ፣ አለፈ። ከዚያ ጨዋታውን አሸነፉ፣ በሳምንቱ ዋንጫውን በሉ። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ከተማው እንደዚያ የሳቀበት ቀን የለም። ፎቶግራፉ አሁን በየመጠጥ ቤቱ ተሰቅሏል፦ ሊላንድ አጎንብሶ፣ እጁ መቆንጠጫዋ ላይ። ዓርብ ዓርብ ዓሣውን የሚበላው ከፎቶግራፉ ፊት ለፊት ተቀምጦ ነው።

እሑድ ሲነጋ ሌሊቱን የጣለው በረዶ እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሶ ነበር። ሊላንድ አካፋውን ይዞ ወጣ። በረዶ ጠራጊ መኪና መንገዱን ሲጠርግ የሰውን ደጅ እንደ ካብ ዘግቶ ነው የሚያልፈው፤ ሰፈሩ በሙሉ ነጂውን ይራገማል። ቢቨንስ ግን ሊላንድ ደጅ ሲደርስ ሁልጊዜ ብረቱን ወደ ላይ ያነሳል። ዛሬም አነሳ። ከዚያ መኪናውን አቆመና ወረደ። መጀመሪያ አንዱን እግር፣ ከዚያ በሩን በሁለት እጁ ይዞ ሌላውን። ሊላንድ ወደ ሌላ አቅጣጫ አየ።

«እንደምን አደሩ፣ ሚስተር ሊላንድ።» እዚህ አገር ሁሉም በስሙ ነው የሚጠራራው፤ ቢቨንስ ግን ስምንት ዓመት ሙሉ የደቡቡን ወግ አልተወም።

«ደህና። ቡና ልስጥህ?»

«አይ፣ ገና አስራ ስድስት መንገድ ይቀረኛል።» ጓንቱን አውልቆ መልሶ አጠለቀው። «ዛሬ ስብሰባው ላይ ይናገራሉ ይባላል።»

«ይላሉ።»

«ምን ሊሉ ነው?»

ሊላንድ አካፋውን በረዶው ውስጥ ተከለ። እንቅልፍ ካጣ ሳምንቱ ነው፣ ለመዋሸትም አቅም ይፈልጋል። «አላወቅሁም» አለ። «እንዲፈረምልህ እንድናገር ነው እንዴ የምትፈልገው?»

የቢቨንስ ድምፅ የደከመ ነበር፣ ለራሱ የሚያወራ ነበር የሚመስለው። «ካቀረቡልኝ እፈርማለሁ። እምቢ ማለት አልችልም፣ ሞክሬዋለሁ። ለሚስቴ ማታ አቆማለሁ እላታለሁ፣ ሲነጋ ጫማዬን ሳስር አንድ ዓመት እችላለሁ እላለሁ። ሐኪሙ ጉልበትህ አልቋል ይለኛል፣ ከእሱ ቤት ወጥቼ ደረጃ በሩጫ እወጣለሁ። እኔ ራሴን መለካት አልቻልኩም፣ ሚስተር ሊላንድ።»

«ቢቨንስ ...»

«ያን ቀን በበረዶው አልደረስኩም ነበር።»

ሊላንድ የአካፋውን እጀታ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ሁለት ዓመት የፈራት ቃል መጣች፣ መጥታም መሬቱ አልተከፈተም። ጎረቤት ያለው ውሻ እንኳ አልጮኸም።

«ጫማዎን አይቻለሁ» አለ ቢቨንስ።

«ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ብዬ? ሰባት ሺህ ሰው እያለቀሰ።» ትንሽ ፈገግ አለ። «ደግሞ በሕይወቴ ማንም ሰው አንዲት ያርድ በነፃ ሰጥቶኝ አያውቅም። ደስ አለኝ። ኋላ ነው ያሳፈረኝ።»

«እንግዲያው ዛሬ እነግራቸዋለሁ» አለ ሊላንድ። «ሁሉንም። ይውጣልኝ።»

«ያችን ያርድ አይንኩባቸው። እሷ የእነሱ ሆናለች፣ የእርስዎም የእኔም አይደለችም አሁን። ከእሷ ሌላ ምን ቀራቸው?» ቢቨንስ ወደ መኪናው ዞረና በሩን ያዘ። «አንድ ጊዜ ሰጥተውኛል፣ ይበቃኛል። ዛሬ ሌላ እንዳይሰጡኝ። ይለኩኝ፣ እንደ ሥራዎ።»

በሁለት እጁ ተጎትቶ ወጣ። መኪናው ጥግ እስኪዞር ሊላንድ ቆሞ አየው፤ ደጁ ላይ የሚቆፍረው ካብ አልነበረም። ዝም ብሎ አለቀሰ፣ ትንሽ። ከዚያ ገብቶ ሸሚዙን ቀየረ።

ከቀትር በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ የመጣው ከነክራቫቱ፣ ከሐይቁ የመጣው ከነበረዶ ጫማው፣ ሁሉም በብረት ወንበር ላይ ካፖርቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ጥግ ላይ በትልቅ ማሰሮ የፈላ ቀጭን ቡና አለ። ቢቨንስ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ከሚስቱ ጋር ተቀመጠ። ዋንጫ ያመጣ ጊዜ ከተማው አንዲት አክሲዮን ሰጥቶታል፣ ስለዚህ የመምጣት መብት አለው፤ ሰው ግን ወደ ኋላ እንዳያይ አንገቱን ይይዝ ነበር።

ለሁለት ሰዓት ያህል ተከራከሩ። የሚሉት ሁሉ ከታኅሣሥ ጀምሮ የተባለ ነው፤ ተናጋሪውም ሰሚውም ታክቶታል፣ ግን ማንም ተራውን አልተወም። አንዱ ስለ ታማኝነት ተናገረ። ሌላው ስለ ሁለት ወጣት ሯጮች ተናገረ። ዳርላ ተነስታ ስለ ቢቨንስ ጉልበት ልትናገር ፈለገች፣ ሚስቱን አየችና ሐሳቧን ለውጣ ተቀመጠች። መጨረሻ ላይ ኦሪን ተነሳ። ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፣ ወረቀቱን ዘረጋ።

«ይህ ሰው በተሰበረ እጁ ያችን ያርድ አመጣልን» አለ። «አመጣም አላመጣም አይባልም። ሊላንድ ለክቶታል። እንግዲህ ዛሬም እሱ ይለካልን። ሊላንድ፣ ተነስ።»

ወንበሮቹ ሁሉ ተንቋቁ፤ ሰው ወደ እሱ ዞረ። ሊላንድ ተነሳ። ሆዱን ቆረጠው። ማይክሮፎን ሰጡት፣ አልተቀበለም፤ ሜዳ ላይ በማይክሮፎን ለክቶ አያውቅም።

«ዘንድሮ ሰንሰለቱ ለቢቨንስ አስራ አንድ ጊዜ ገባ» አለ። «በፊት በዓመት አንዴ ነበር የሚገባው። አስራ አንዱንም ጊዜ እኔ ነኝ የተንበረከክሁት።» ወደ መጨረሻው ረድፍ አየ። «እወደዋለሁ። ደጋፊ መሆን ስለማይፈቀድልኝ ብዬላችሁ አላውቅም እንጂ፣ ከሁላችሁም በላይ እወደዋለሁ።»

አጭር ነው፣ አልደረሰም፣ የሚለው ቃል ከአፉ አልወጣ አለ። ሁለት እጆቹን አነሳና፣ ዳኛው እንደሚያደርገው፣ መዳፎቹን ፊት ለፊት አቀራርቦ ያዘ። በመሐላቸው አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ነበር።

አዳራሹ ውስጥ የቡናው ማሰሮ ሲንተከተክ ይሰማ ነበር። ኦሪን ወረቀቱን አጠፈው፣ ደግሞ አጠፈው። ሊላንድ እጆቹን ለማውረድ ፈልጎ ማውረድ አቃተው።

ያኔ ከመጨረሻው ረድፍ ወንበር ተንቀሳቀሰ። ቢቨንስ ነው። በፊቱ ያለውን ወንበር ይዞ ቀስ ብሎ ቆመ። ሊላንድን አሻግሮ አየው፣ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ፣ እና ረጃጅም እጆቹን አንስቶ እሱም መዳፎቹን አቀራረበ። ከዚያ እያሰፋ፣ እያሰፋ ሄዶ አንድ ስንዝር ተኩል ላይ ሲደርስ አቆመ።

አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ፣ ከሳቁት ግማሹ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። ያ ልክ ከየት እንደመጣ ከሁለቱ በቀር ያወቀ የለም። የቢቨንስ ሚስት የካፖርቱን ጫፍ ያዘች። ሰብሳቢዋ በዝግታ፣ ይሰናበት የምትሉ እጅ አውጡ ስትል፣ መጀመሪያ የወጣው የቢቨንስ እጅ ነው። ቀጥሎ የሊላንድ። ከዚያ እዚህም እዚያም፣ ማንም ሳይቸኩል፣ አዳራሹ በእጅ ሞላ። ዳርላ ሦስት ወር የተከራከረችለትን አግኝታ እጇን ስታወጣ ታለቅስ ነበር።

ኦሪን የመጨረሻው ነው። ቧንቧ ሲፈታ የኖረ ሻካራ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ቀና ብሎ ቢቨንስን አየ፣ ቢቨንስ አሁንም ቆሟል፣ ወንበሩን ይዞ። ኦሪን እጁን አወጣ።

«በቃ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሊላንድ ለክቶታል።»

ሊላንድ ሰማው። ሆዱን እስኪቆርጠው ጠበቀ፣ አልቆረጠውም።